የጅብራ አንገት፣ የቆቅ ፊት

በመንዝ ምድር አንገቷ ጅብራ፣ ጠጉሯ የጓሳ ሣር የሆነ ሴት የሣለ ከእኔ በፊት ማንም የለም። ከእኔ በኋላ የሚሥል ቢገኝም ከእኔ አይቶ ነው። ይህን ስል «ሽማግሌው ጉራውን ጀመረ» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ይበል። ጉራ ማለት ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት ነው፤ እኔ የምናገረው የሠራሁትን ነው። ሥራዬ ደግሞ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ዓይን ያለው ሄዶ ይይ።

ሥዕል ማንም አላስተማረኝም። አባቴ ገብስ ሲያርስ፣ በግ ሲያረባ የኖረ ሰው ነው። ከሱ እርሻውን፣ ከአጎቴ ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ መሸመኑን ተማርኩ። ብሩሽ የያዝኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። መሐል ሜዳ ከተማ ላይ አንድ ሰው ወፍጮ ቤት ከፍቶ ታፔላ የሚጽፍለት አጥቶ ሲቸገር ሰማሁና «እኔ እጽፍልሃለሁ» አልኩት። ታፔላ ጽፌ አላውቅም ነበር፤ ግን ሌላ ሰው የሚችለውን እኔ የማልችልበት ምክንያት አልታየኝም። ፊደሉን ጽፌ ስጨርስ ጎኑ ላይ ባዶ ቦታ ተረፈኝ። እዚያ ላይ ስልቻ የተሸከመች ሴት ሣልኩ። ከስልቻው ቀዳዳ ግን ገብስ ሳይሆን ድንቢጥ ነበር የሚፈሰው።

ባለ ወፍጮው ራቅ ብሎ ቆሞ አየ።

«ወፎቹ ምን ያደርጋሉ?» አለኝ።

«የምትፈጨውን እህል የሚለቅሙት እነሱ ናቸው። ከወዲሁ ተዋወቃቸው።»

ሳቀና ሰቀለው። ከዚያ ወዲያ ልብስ ሰፊው፣ ሥጋ ቤቱ፣ ፀጉር አስተካካዩ በተራ መጡ። ዘመሮ ተጠርቼ ሥያለሁ፤ ቀየት ተጠርቼ ሥያለሁ። ዛሬ ከተማው በፕላስቲክ ማስታወቂያ ተሞልቷል። ከኮምፒውተር የሚወጣ ነው፤ ጥቂት ክረምት ሲያልፍበት ይነጣል። የእኔ የወፍጮ ቤት ታፔላ ግን ወፍጮው ተዘግቶ፣ ቤቱ ስልክ መጠገኛ ሆኖ፣ እስከ ዛሬ ድንቢጦቹን እንዳፈሰሰ ነው።

ምስጢሩ ተልባ ነው። የተልባ ዘይት አስጨምቄ ቀለሙን በሱ እለውሰዋለሁ። ቀዩን ከገደል አፈር፣ ጥቁሩን ከጥላሸት አወጣለሁ፤ ሰማያዊውንና ነጩን ብቻ ከሱቅ እገዛለሁ። አቡጀዲውን ኮላ አጠጥቼ ጣውላ ላይ እወጥረዋለሁ። የመንዝ ብርድ የሱቅ ቀለም ይሰነጥቃል፤ የእኔን ግን አልሰነጠቀም። ይህን ያወቅሁት እየተበላሸብኝ፣ እንደገና እየሠራሁ ነው። የነገረኝ ሰው ስለሌለ ምስጋናውን የማካፍለው ሰው የለም።

ታፔላ መጻፉ እየቀረ ሲሄድ ለራሴ መሣል ጀመርኩ። የምሥለው ሴት ነው፤ ወፍ ነው፤ የአገሬ ሣርና ቅጠል ነው። ሌላ አልሥልም። ለምን ይሉኛል። እኔ እስከዚያ ድረስ እጇ ያረፈ የመንዝ ሴት አይቼ አላውቅም ነበር። ገበያ ስትሄድ የበግ ጠጉር ትፈትላለች፤ ከጎረቤት ስታወራ ትፈትላለች፤ ስትቆጣ እንኳ እንዝርቷን አትጥልም። ይህን የማያርፍ ነገር፣ ንቅንቅ በማይል አቡጀዲ ላይ እንዴት አድርገህ ታሰፍረዋለህ? ብዙ አሰብኩበትና ወፍን አገኘሁ። ወፍ ቆሞ ቢታይም ሊነሣ ነው። ስለዚህ እኔ ሴት ስሥል ከእንዝርቷ ክር አይወጣም፤ ዋኔ ይወጣል። ከቀሚሷ ጫፍ ሳቢሳ ይነሣል። ነጠላዋ ጭጋግ ሆኖ ሜዳው ላይ ይተኛል።

ጅብራውም እንዲሁ ያለ ምክንያት አልመጣም። ቆላ ያደገ ሰው አያውቀው ይሆናል፤ ጅብራ በጓሳው ሣር መካከል ብቻውን ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ከሰው የሚረዝም ተክል ነው። ውርጭ ሲወርድ ቅጠሉን ወደ ውስጥ ይሰበስባል፤ ፀሐይ ስትወጣ መልሶ ይዘረጋል። ብዙ ዘመን ቆይቶ አንድ ጊዜ ያብባል፤ ካበበ በኋላ ይደርቃል። እናቴ እንደዚያ ነበረች። ስለዚህ አንገቷን ጅብራ አድርጌ፣ ጅብራውንም እንዳበበ አድርጌ ሣልኳት። ልብስ ሰፊው ወዳጄ ሱቁ ውስጥ ልስቀለው ብሎ ለመነኝ። ሰቅሎ ሲያበቃ ግን ማሾፉን አልተወም።

«አንተ ሰው፣ እናትህን እንደ ጅብራ ገተርካት» አለኝ።

«አልገተርኳትም። ጅብራ ናት።»

«እንዲህ ሆና በግ ቢግጣትስ?»

«ጅብራ በግ አይግጠውም። የበግ አገር ልጅ ሆነህ ይህን አታውቅም?»

«እሺ፣ እሱን ተወው። ሚስትህ ምን አለች?»

«ምንም።»

«አየህ» አለና ወደ ስፌት መኪናው ጎንበስ አለ።

ይህ ወዳጄ የት ላይ እንደሚወጋ ያውቃል። ባለቤቴና እኔ አብረን አርጅተናል። ስሥል እዚያው ቤት ትውላለች፣ ሲደርቅ ታያለች፣ ሰው ሲያደንቅ ትሰማለች፤ አንድ ቀን ግን ክፉም ደግም ተናግራ አታውቅም። ሥዕል ብላ እንኳ አትጠራውም። «ያንተ ነገር» ነው የምትለው። «ያንተን ነገር ከምድጃው አርቀው፣ ይጠቁራል።» «ያንተ ነገር ላይ ዶሮዋ ወጥታለች።» የመሐል ሜዳ ሰው ሁሉ ቢያደንቀኝ ይገባኛል ብዬ እቀበላለሁ፤ አይደንቀኝም። የሷ ዝምታ ግን እንደ እሾህ ሲወጋኝ ኖሯል። ከሷ አፍ የምፈልገው ንግግር አልነበረም፤ አንዲት ቃል ትበቃኝ ነበር።

መንገዱ ሰላም በሆነበት በአንድ ወቅት፣ ከደብረ ብርሃን አንድ የሥዕል መምህር ለዘመዱ ሠርግ መሐል ሜዳ መጣ። ሱሪ ሊያሳጥር ልብስ ሰፊው ዘንድ ገብቶ እናቴን ግድግዳው ላይ አየ። ሱሪውን ረስቶ ነው ቤቴን እየጠየቀ የመጣው። ያሉኝን ሥዕሎች በሙሉ አወጣሁለት። አንዱን ሲያይ ቆየ፤ ሌላውን ሲያይ ቆየ።

«አባቴ፣ ይህ አሣሣል ስም እንዳለው ያውቃሉ?» አለኝ።

«ስሙን እኔ ምን ላድርገው?»

«ሱሪያሊዝም ይባላል። ሕልም ውስጥ እንደሚታየው፣ አንዱ ነገር ሌላውን ሲሆን ማለት ነው። ሴቷ ሜዳ ስትሆን፣ ክሩ ወፍ ሲሆን።»

«እንግዲያው እኔ ስም ሳይወጣለት በፊት ልጁን ወልጄዋለሁ» አልኩት።

ሳቀና እጄን ያዘኝ። ደግ ሰው ነው፤ ዕውቀቱንም አልሠሰተብኝም። ደብረ ብርሃን ላይ አዳራሽ ተይዞ የሠዓልያን ሥራ ሊታይ መሆኑን ነገረኝ። የእኔንም ይፈልጋል። «ግን አንድ ትልቅ ያስፈልገናል» አለ። «ሰው በሩን ገና ሲገባ ፊት ለፊት የሚያገኘው።»

«ይሠራል» አልኩት።

ማንን እንደምሥል ለማሰብ ጊዜ አልወሰደብኝም። ባለቤቴን ነው። ምን አድርጌ እንደምሥላትም ወዲያው ታየኝ። ቆቅ አድርጌ ነው። አንድ ዓመት ገብሱ ደርሶ አጨዳ ልንጀምር ስንል ሰማዩ ትንሽ ጠቆረ። እኔ «ያልፋል» አልኩ፤ ጎረቤቱም «ያልፋል» አለ። እሷ ደጃፍ ላይ ቆማ ወደ ጓሳው በኩል አየችና «አያልፍም» አለች። ማጭዷን ይዛ ወጣች። እየተነጫነጨን ተከተልናት። ነዶው ተከምሮ፣ ክምሩ ከመሸፈኑ በረዶው ወረደ፤ የቆመ ገብስ የነበረው ሁሉ መሬት ላይ ተነጠፈ። ቆቅ ማለት እንዲህ ነው። ሣር ውስጥ ተቀምጣ የጭልፊቱን ጥላ ከማንም ቀድማ ታያለች።

ትልቁን አቡጀዲ ወጠርኩ። ቀሚሷን የጓሳ ሜዳ አደረግሁት፤ እጥፋቱ ሸለቆ ነው፤ ጫፉ ላይ የገብስ ማሳና እንደ ጠጠር የተበተኑ በጎች አሉ። ደረቷ ላይ በበዓል ቀን የምትለብሰውን ቀሚስ ጥልፍ፣ መስቀሉን እንዳለ፣ ሣልኩት። አንገቷን ጅብራ አደረግሁት። ጅብራው ላይ የቆቅ ጭንቅላት አስቀመጥኩ፤ ቀይ ምንቃር፣ ቡናማ ማጅራት፣ ወደ ቀኝ የምትመለከት። ያቺ ዓይን ብቻዋን ብዙ ቀን ወስዳብኛለች። ውስጧ ላይ ነጭ ነጥብ ጣል ሳደርግባት ሥዕሉ ነቃ። እውነቴን ነው፣ ከወንበሬ ተነሥቼ ኋላዬን አየሁ፤ ምን እንዳየች ለማወቅ።

ባለቤቴ እንደ ልማዷ እስኪያልቅ አላየችውም። ያለቀ ቀን ከአጥር ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ለወሬ መጣች። የባለቤቴ የማርያም ማኅበር ጓደኛ ናት። ሁለቱ አብረው ሥዕሉ ፊት ቆሙ።

«ይህቺ ማን ናት?» አለች ጎረቤታችን።

«አታውቂያትም?» አልኳት። «ጥልፉን እይው።»

ጥልፉን አየች። ባለቤቴን አየች። ወደ ሥዕሉ ተመለሰችና አማተበች።

«በስመ አብ። ጋሼ፣ በአንድ ዓይን?»

በኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ግድግዳ ያየ ሰው ሁሉ፣ ፊደል ሳይቆጥር በፊት አንድ ነገር ያውቃል። ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ሙሉ ፊቱን ወደ ሰው መልሶ ያያል። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ሰማዕታቱን የሚገርፈው ወታደር ግን ከጎን ነው የሚሣለው፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። እኔም ይህን አጥቼው አይደለም። ቆቋ በጣም ስለሰመረችልኝ ዓይን የሚቆጥር ሰው ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ወፍ ከጎን ነው የሚያምረው፤ ሠዓሊ የሆነ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ባለቤቴ ቀረብ ብላ ጥልፉን አየች። ከዚያ ስለ ሥዕሌ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች።

«ቆቅ ማለትህ አላስከፋኝም» አለች። «ቆቅ ልሁን። ግን ከማን ጋር ነው ያቆምከኝ? ከይሁዳ ጋር ነው?»

«ወፍ እኮ ነው። ወፍ ከፊት ለፊት ምን መልክ አለው?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ሠዓሊው አንተ ነህ።»

«የደብረ ብርሃን ሰው ይህን አይቆጥርም።»

«የደብረ ብርሃን ሰው ቤተ ክርስቲያን አይሄድም?» አለች። «ስማኝ። በማርያም ዕለት ተረኛዋ እኔ ነኝ። ሴቶቹ እዚህ ይገባሉ፣ ጽዋው እዚህ ይቀመጣል። ከዚህ ነገር ሥር ቆሜ ጠላ አልቀዳም። ደብረ ብርሃን ብትወስደውም አብሬህ አልሄድም። እኔ ነገ ሟች ነኝ፤ ይሄ አይሞትም። የማላውቀው ሰው ሁሉ በሩን ሲገባ፣ ክፉ ሴት ነበረች እያለ ነው የሚያየኝ።»

ሥዕሉን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ግድግዳው አዞረችው። ጎረቤታችን ነጠላዋን አስተካክላ ቀስ ብላ ወጣች።

እኔ በቀላሉ የምሸነፍ ሰው አይደለሁም። በማግሥቱ የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ቅጽሩ ውስጥ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። እሳቸው ቢፈርዱልኝ ባለቤቴ እንደማትከራከር አውቃለሁ።

«አባ፣ ወፍ በአንድ ዓይን ቢሣል ኃጢአት ነው?»

«ማን ከሰሰህ?»

«ባለቤቴ።»

«እንግዲያው ይግባኝ የለውም» ብለው ሳቁ። ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙኝ። «ወፊቱ የተቀመጠችው ዛፍ ላይ ነው ወይስ ሰው አንገት ላይ?» አሉ።

«ሰው አንገት ላይ ነው።»

«ዛፍ ላይ ብትሆን ወፍ ነበረች። ሰው አንገት ላይ ስትቀመጥ ሰው ሆነች። ሰው በአንድ ዓይን ሲሣል ደግሞ አገሩ ምን ብሎ እንደሚያነበው አንተም ታውቃለህ። ኃጢአት ነው አልልህም። ግን አገሬውን፣ ያነበብከውን አላነበብክም ልለው አልችልም።»

«ቆቅ የምታምረው ከጎን ነው፣ አባ።»

«ሚስትህስ የምታምረው ከየት ነው?»

ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ መለስኩ።

«በል ሂድ» አሉኝ። «ብልኅ ነኝ ትል የለም? አሳየና።»

ይህን በቀልድ አላሉትም፤ ብልኅነቴን ስለሚያውቁ ነው። ቤት ገብቼ ሥዕሉን አዞርኩና ጭንቅላቱን በተልባ ዘይት በተነከረ ጨርቅ ጠረግሁት። ያቺን ዓይን መጨረሻ ላይ ነው የጠረግኋት። ከዚያ ቆቋን ከፊት ለፊት ሣልኳት፤ ሁለት ዓይን፣ መካከሉ ላይ ምንቃር። ሁለት ጊዜ አስተካከልኩት። ባለቤቴ እንስራ ይዛ ስታልፍ በቆመችበት ቀረች።

«አሁን ደግሞ ጉጉት አደረግኸኝ» አለች።

አየሁት። እውነትም ጉጉት ነው። ፊት ለፊት ሁለት ዓይን ያለው ወፍ ጉጉት ብቻ መሆኑን እግዜር ሲፈጥር ወስኖታል፤ እኔ ምን ላድርግ።

«ከይሁዳ ይሻላል» አልኩ።

«ጉጉት ቤት ላይ ከጮኸ ሰው ይሞታል ይባላል፤ አንተ ቤት ውስጥ አስገባሃት» ብላ አለፈች። ከጓሮ ስትስቅ ሰማኋት። መሳቋ ተስፋ ሰጠኝ፤ ግን ማኅበሩ ቀርቦ ነበር፤ መምህሩም ስልክ እየደወለ ነበር። ያለ ትልቁ ሥዕል መሄድ እችላለሁ። ያለሷ መሄድም እችላለሁ። ደጋግሜ አሰብኩት፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው ሲያጨበጭብልኝ፣ እሷ ግን እዚህ ቤት ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረ ነገር ይዛ ስትቀር ታየኝ። ጭብጨባው ጣዕም አጣብኝ።

በማግሥቱ ጧት ወደ ጓሮ ስወጣ ባለቤቴ እንዝርቷን እያሾረች ቆማለች። ወደ ገብሱ ቃርሚያ እያየች ነው። ሁለት ቆቆች ከሣሩ ወጥተው ፍሬ ይለቅማሉ።

«መጀመሪያውኑ አንድ ብቻ መሣልህ ነው ያልገባኝ» አለች፣ ዓይኗን ከወፎቹ ሳታነሣ። «ቆቅ ብቻዋን አትሄድም። አንዷ ስትለቅም አንዱ ይጠብቃል። ከዚያ ይቀያየራሉ።»

ይህን ስትል ሁለቱ አንዲት ፍሬ ላይ ተገናኙ። አንዷ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ መጥተው ምንቃራቸው ሊነካካ ደረሰ። ለቅጽበት ነው። እዚህ ላይ ሠዓሊና ሌላው ሰው ይለያያሉ። እሷ ያየችው ሁለት ወፍ ነው፤ እኔ ያየሁት አንድ ፊት ነው።

ሮጬ ገባሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ። ጉጉቷን ጠረግሁና በጅብራው አንገት ላይ ሁለት ቆቆችን ፊት ለፊት አቆምኩ። የግራዋ ዓይን የሴቷ ግራ ዓይን ሆነ፤ የቀኙ ዓይን ቀኝ ዓይኗ ሆነ። ሁለቱ ቀይ ምንቃሮች ሲገናኙ አፍንጫዋ ወጣ። የደረታቸው ላባ ጉንጯ ሆነ፤ በመካከላቸው የቀረውን ቀዳዳ የጓሳ ሣር ከንፈር አደረግሁበት። ጠጉሯን ከሁለቱም ማጅራት ጀምሬ እንደ ሣር ወደ ኋላ ለቀቅሁት። ቀረብ ብሎ ላየ ሁለት ወፍ ነው፤ ሁለቱም ከጎን፣ እንደ ወፍ ወጉ። በሩ ላይ ቆሞ ላየ ግን ሙሉ ፊቷን መልሳ የምታይህ ሴት ናት። ይህን ማንም አላደረገውም። መምህሩም በኋላ ሲያየው ወደ ፊት ሄደ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እንደገና ወደ ፊት ሄደ።

የማርያም ዕለት ጧት ሥዕሉ፣ ስጨርስ እኔው መልሼ ስላዞርኩት፣ ወደ ግድግዳው እንደዞረ ነበር። አጎዛው ተነጥፏል፣ ጠላው ወጥቷል። ባለቤቴ ዳቦውን እየቆረሰች፣ ቀና ሳትል፣

«አዙረው» አለችኝ።

አዞርኩት። ዳቦውን ትታ በሩ ድረስ ሄደች፤ ከዚያ ሆና አየችው። ቀረብ ብላ አየችው። ወደ ዳቦዋ ተመለሰች። ሴቶቹ እየተከታተሉ ሲገቡ እያንዳንዳቸው በሩ ላይ ቆም ይሉ ነበር። ጎረቤታችን ከሁሉም በኋላ ገባች። ሌሎቹ እሷን ጠበቁ፤ ወሬውን ያዛመተችው እሷ ናትና።

ጎረቤታችን ቆጠረች፤ ጣቷን አንሥታ ነው የቆጠረችው።

«ሁለት ነው» አለች።

«ሁለት ነው» አሉ ሴቶቹ።

ቀረብ ስትል ፊቱ ተፈታባትና ወፎቹ ታዩዋት። «እንዴ፣ ወፎቹም ሁለት ናቸው። አንዷ አንቺ ነሽ እንበል። ሌላው ማን ነው?»

ባለቤቴ ጠላ እየቀዳች ነበር። «ማን ሊሆን ነው? እኔ ስለቅም የሚጠብቀው ነዋ።»

«ወይስ አንቺ ስትጠብቂ የሚለቅመው?» አለች አንዲት አሮጊት ከጥግ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። መሳቅ ብቻ ሳይሆን ኮራሁ፤ በገዛ ሥዕሌ ውስጥ ሳላስበው ገብቼ ተገኝቻለሁ፣ ያስገባችኝም እሷ ናት። ጽዋው ከሥዕሉ ሥር ተቀመጠ። ባለቤቴ ከሥሩ ቆማ ቀዳች።

ወደ ደብረ ብርሃን የምንሄድ ዕለት ጧት፣ ሥዕሉን በማዳበሪያ ከረጢት ልጠቀልል ስል ከእጄ ወሰደችው። ከሣጥኗ አዲሱን ባና አወጣች። ጠጉሩን እሷ የፈተለችው፣ እኔ የሸመንኩት፣ ለእንግዳ እንኳ ያልተነጠፈ ባና ነው። በሱ ጠቀለለችና በጓሳ ገመድ አሰረችው። ራሷ ደግሞ የበዓሉን ቀሚስ፣ ጥልፉ ሥዕሉ ላይ ያለውን፣ ለብሳለች። አብረሽኝ ትሄጃለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም። የለበሰ ሰው አይጠየቅም።

መናኸሪያው ጭጋግ ነበር። የሚኒባሱ ሾፌር ዕቃ እየጫነ ነው።

«እማማ፣ ይሄ ጣራ ላይ ነው የሚጫነው» አላት።

«ፊቴን ጣራ ላይ ልትጭነው ነው?»

ሾፌሩ እሷን አየ፤ በባና የተጠቀለለውን አየ። «የምን ፊት?»

«የእኔ ፊት። ውርጭ ነው፤ ከውስጥ አስገባው።»

ሾፌሩ ወደ እኔ ዞረ፣ አስታርቀኝ እንደሚል ሰው። እኔ የምሰማው እሷን ነበር። እሷ «ያንተ ነገር» አላለችም፤ ሥዕልም አላለችም። ፊቴ አለች። ደብረ ብርሃን ላይ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሎኛል፤ ሁሉም ይገባኛል፣ አንዱንም አልመለስኩም። ግን የእኔ አዳራሽ የተከፈተው እዚያ መናኸሪያ ውስጥ ነው፣ ሾፌሩ አፉን ከፍቶ ሲያየን።

ሥዕሉ ውስጥ ገባ። በእሷና በእኔ ጉልበት መካከል አቆምነው። መንገዱ እንደምታውቁት ነው፤ መኪናው ይዘላል። እንዝርቷን ይዛ ነበር፤ ግን አላወጣችውም። በሕይወቴ እጇ ሲያርፍ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ባናው ላይ፣ ዓይኖቹ ባሉበት በኩል፣ እንዳረፈ ሄደ።